ከልኩ ያለፈ ለቅሶ

ሽመክት የለቅሶ ጋቢውን የሚያስቀምጠው በመኪናው የኋላ ሣጥን ውስጥ፣ ከትርፍ ጎማው አጠገብ ነበር። ጎማው መኪናው ከተገዛ ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ ወርዶ አያውቅም። ጋቢው ግን ዕረፍት አልነበረውም። ሚስቱ ናርዶስ «ይኼ ጋቢ የስንቱን ሰው ቀብር አየ!» እያለች ታጥበዋለች፤ ገመድ ላይ በቅጡ ሳይደርቅ ደግሞ የሆነ ቦታ የሆነ ሰው ይሞታል።

ሽመክት ቄስ አይደለም፤ የዕድር ዳኛም አይደለም። እንጅባራ ላይ የአንድ የግል ባንክ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ነበር። የሥራ አስኪያጅ ዋና ሥራው ገንዘብ ያለውን ሰው ፈልጎ ማግኘት ነው። አዊ ውስጥ ደግሞ ገንዘብ ያለው ሰው ቢሮ ተቀምጦ አይጠብቅም፤ ወይ ጫካው ውስጥ ነው፣ ወይ ገበያ ነው፣ ወይ ፈረሱ ላይ ነው። ሠርግ ላይ ቢያገኙት ሙዚቃው አያነጋግርም። ለቅሶ ላይ ግን ሰው ሁሉ ሥራውን ትቶ፣ ድምፁን ዝቅ፣ ልቡን ለስለስ አድርጎ ይቀመጣል። ሽመክት ይህን የደረሰበት ዕለት ራሱን እንደ ሊቅ ቆጥሮ ነበር። በጥቂት ጊዜ ውስጥ ሌሎቹ ባንኮችም ነቁበትና ከቲሊሊ እስከ ዳንግላ የቀብር ሥነ ሥርዓት ያለ ባንክ ሥራ አስኪያጅ የማይፈጸም ሆነ። ሟቹ ድኻ ከሆነ ግን ያው ካህናቱና ጎረቤቱ ይበቁታል።

ሽመክት ለቅሶን የተማረው እንደ ትምህርት ነው። በዚህ አገር ለቅሶ ልክ አለው። ለጎረቤት አንገት ይደፋል። ለዕድር ጓደኛ ዓይን ይታበሳል፤ እንባው ቢኖርም ባይኖርም። ለአማች ድምፅ ከፍ ተደርጎ ይገባና ብዙ ሳይቆይ ዝም ይባላል። ደረት መምታት፣ መሬት ላይ መውደቅ፣ ሰው ይዞ እስኪያነሣ ድረስ መንበርከክ ግን የሥጋ ዘመድ ድርሻ ነው። ይህን ማንም ጽፎ አላስቀመጠውም፤ ማንም ግን አይስተውም። ከድርሻው አሳንሶ ያለቀሰ ይታማል። ከድርሻው አብልጦ ያለቀሰ ደግሞ ይመረመራል። ሽመክት ድርሻውን አሳምሮ ያውቅ ነበር፤ አንገት ደፍቶ፣ በአገውኛ የሚያውቃትን አንዲት የማጽናኛ ቃል ተናግሮ፣ ከሐዘንተኛው ጎን ይቀመጣል። ስለ ሒሳብ መክፈት የሚያነሣው በማግሥቱ ነው። ጨዋ ሰው ነው።

ደሞዙን ዘመዶቹ የሚጠሩት በሹክሹክታ ነበር፤ ጮክ ካሉ ይጠፋ ይመስል። ቤት ሠርቷል፤ መኪና ተሰጥቶታል። ነገር ግን ጠዋት ጠዋት ዓይኑን ከመግለጡ በፊት ስልኩን ይገልጣል። «አሸናፊዎች» የሚባል የቴሌግራም ግሩፕ አለ፤ ቅርንጫፎቹ በየዕለቱ ባስገቡት ተቀማጭ ልክ ተራ በተራ ይደረደሩበታል። ከግርጌ ለሚገኘው ቅርንጫፍ የዲስትሪክቱ ዳይሬክተር አሳምነው ከባሕር ዳር የኤሊ ሥዕል ይልክለታል። ሽመክት ኤሊ ተልኮለት አያውቅም፤ ኤሊዋ ግን በሕልሙ ትመጣ ነበር። ከላይ የሆነ ዕለትም አሳምነው ደውሎ የሚላት አንዲት ነገር አለች፤ «ጎበዝ። ግን አልበቃም።»

አልበቃም። ይህች ቃል ከመርፌ ጠባ፣ ከመርፌ ረዝማ በጆሮው ገብታ ግራ ዓይኑ ላይ ወጣች። ሽፋሽፍቱ በራሱ ጊዜ ይርገበገብ ጀመር። አንዲት የቁጠባ ደንበኛ ባልቴት «በዚህ ዕድሜዬ ጠቀሰኝ!» ብለው ለባንኩ ጥበቃ ከሰሱት። ጥበቃውም ጉዳዩን አጣርቶ፣ «እማማ፣ እኔንም ይጠቅሰኛል፤ ሕመም ነው» ብሎ አሰናበታቸው።

ቤት ሲገባ ሶፋው ላይ በነሙሉ ልብሱ ይተኛል። ናርዶስ የመጀመሪያ ደረጃ መምህር ናት፤ ቀኑን ሙሉ ከሕፃናት ጋር ስለምትውል ነገር ማድበስበስ አትችልም።

«ለሰው ሁሉ ታለቅሳለህ» አለችው አንድ ቀን ጫማውን እያወለቀችለት። «እኔ ብሞት ፈቃድ ይሰጡህ ይሆን?»

«ለአንቺማ ዳይሬክተሩ ራሱ ይመጣል።»

«ለምን? እኔ ገንዘብ የለኝ!»

ሳቀች፤ እሱ ግን አልሳቀም። ድሮ ዳንግላ ሳሉ ያገባችው በየመንገዱ የሚያፏጭ ልጅ ነበር። ሰዎች «ባልሽ እየመጣ ነው» ብለው የሚነግሯት ከፉጨቱ ተነሥተው ነው። መቼ እንደተወው እሷም እሱም አያስታውሱም። አንዴ ብቻ ለዘመድ «ደከመኝ» ብሎ ነበር። ዘመድየው እስኪያስለው ሳቀና፣ «ወንበር ላይ ተቀምጦ ምን ያደክማል? ያውም በዚህ ደሞዝ!» አለው። ከዚያ ወዲህ ሽመክት ያችን ቃል እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮው ላይ ይዟት ኖረ፤ አትወጣ፣ አትወርድ።

አቶ ቢሻው የሞቱት እንግዲህ በዚህ ጊዜ ነው።

አቶ ቢሻው የአዲስ ቅዳም የከሰል ነጋዴ ነበሩ። ለከሰል ከሚተከለው ዛፍ፣ ከዲከረንስ ችግኝ ተነሥተው ባለ አይሱዙ የሆኑ፣ ዛፍ ሲተክሉ ውለው ከሰል ሲያስጭኑ የሚያመሹ ሰው። ለየባንኩ ትንሽ ትንሽ እየቆነጠሩ ይሰጣሉ፤ ዋናውን ግን የት እንዳደረጉት የምታውቀው ሚስታቸው ደጊቱ ብቻ ናት ይባላል። አንድ ማለዳ መኪና እያስጫኑ፣ «ያንን ጆንያ ጠበቅ አድርገው!» እያሉ፣ እንደ ቆሙ ወደቁ። የሚያውቋቸው ሁሉ ቁጭ ሲሉ ያዩዋቸው ያን ዕለት ገና ነው አሉ።

አሳምነው ደወለ።

«ቢሻው ዐረፉ አሉ። ነፍሳቸውን ይማር።»

«አሜን።»

«ዋናውን የት ነበር የሚያስቀምጡት?»

«አቶ አሳምነው፣ ገና አልተቀበሩም እኮ።»

«እኮ! ሌሎቹ ሳይደርሱ ድረስ።»

ሽመክት ጋቢውን ይዞ ወጣ። ከእንጅባራ አዲስ ቅዳም ድረስ መንገዱ ግራና ቀኝ የዲከረንስ ደን ነው፤ ጭጋጉና የከሰሉ ጭስ ተቃቅፈው በዛፎቹ መካከል ይሄዳሉ፤ የቱ ከሰማይ እንደ ወረደ፣ የቱ ከምድር እንደ ወጣ አይለይም። ሽመክት ይህን መንገድ ስንት ጊዜ ተመላልሶበታል፤ አንድ ቀን ግን ቀና ብሎ አላየውም። የሚያየው ስልኩን ነበር።

የለቅሶው ሜዳ በሰው ተሞልቷል። የአቶ ቢሻው ፈረስ በሙሉ ዕቃው ተጭኖ፣ ባዶ ኮርቻውን ተሸክሞ በሰዉ መካከል እየተመራ ይዞራል። በአንድ ጥግ ደግሞ የባንክ ሰዎች ተኮልኩለዋል፤ ጫማቸው ከሌላው ሰው ጫማ ስለሚያበራ ከሩቅ ይለያሉ። የተፎካካሪው ባንክ ሥራ አስኪያጅ ምንይችል ጠጋ አለው።

«ዛሬ እንዴት ልታደርገው ነው?»

«እንደ ወትሮው። አንገት መድፋት።»

«እኔ ጥቁር መነጽር ይዣለሁ» አለ ምንይችል በኩራት። «ከውስጡ ምን እንዳለ ማን ያውቃል!»

በዚህ መሀል ዘውድነሽ ተነሣች። ዘውድነሽ በአካባቢው የታወቀች አልቃሽ ናት። እሷ ያላለቀሰችለት ሰው የሞተ አይመስልም፤ ወጣ ብሎ የሚመለስ ይመስላል። በአገውኛ ጀመረች፤ ሴቶቹ ተቀበሏት። ሽመክት ቃሉ ባይገባውም አንገቱን በልኩ ደፍቶ ቆመ። ቀጥላ ወደ አማርኛ ዞረች።

ዛፍ ተክሎ ተክሎ ሥሩ ሳያርፍበት፣
አክስሎ ላከው ሌላው እንዲሞቅበት።

የሽመክት ዓይን መርገብገቡን ድንገት አቆመ። ዘውድነሽ ወዲያ ወዲህ ብላ ቀጠለች።

ሲሮጥ ነው የኖረው ሳይቀመጥ አፍታ፣
ዛሬ ገና ተኛ ልብሱን ሳይፈታ።

ልብሱን ሳይፈታ! ሽመክት ሶፋውን አየ። በሶፋው ላይ በነከረባቱ የተዘረጋ ሰው አየ፤ ጫማውን ሴት እያወለቀችለት። ያ ሰው እሱ ነው ወይስ አቶ ቢሻው? ከጉሮሮው አንድ ድምፅ ሾልኮ ወጣ። ትንሽ ድምፅ ነች፤ ለዕድር ጓደኛ የምትበቃ። ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ይህ ታሪክም ባልኖረ። ነገር ግን አጠገቡ የቆሙ አንድ የማያውቁት ሽማግሌ እጃቸውን ትከሻው ላይ ጣል አደረጉና፣ ለሐዘንተኛ ሁሉ እንደሚባለው፣ «በቃህ፣ የኔ ልጅ። በቃህ» አሉት።

ይህን ቃል ማንም ብሎት አያውቅም ነበር።

ሽመክት ፈረሰ። እንደ ክረምት ገደል ፈረሰ። ጋቢው ከትከሻው ወደቀ፣ ጉልበቱ ጭቃው ላይ አረፈ፣ ደረቱን መታ፣ «ወየው! ወየው ጉዴ!» አለ። ፈረሱ ጆሮውን አቁሞ ዞሮ አየው። «ያዙት! ያዙት እንጂ!» አለ ሰዉ። ሁለት ጎረምሶች ከግራና ከቀኝ ብብቱ ሥር ገብተው አነሡት፤ እሱም ክብደቱን በሙሉ ለቀቀባቸው። አቤት ሰው ሲይዝ እንዴት ደስ ይላል! ከእንባው መካከል ይህን ማሰቡ ለራሱም ገርሞት፣ በገረመው ቁጥር ይብስ አለቀሰ። ምንይችል መነጽሩን ከፍ አድርጎ በግርምት ተመለከተው።

ዘውድነሽም ተመለከተችው። አልቃሽ፣ ሰው ስታይ እንደ ልብስ ሰፊ ናት፤ ባንዴ ትለካለች። ወደ ሬሳው ዞረች፣ ወደ ሽመክት ዞረች፣ ድምፅዋን አነሣች።

ይህ ማነው የሚያነባ እንዲህ የተከፋ፣
ግንባሩ የቢሻው የትም የማይጠፋ።

ሜዳው ሁሉ ወደ ሽመክት ግንባር ዞረ። ከዚያ ሹክሹክታው እንደ ንፋስ በአገውኛ ተነሣ፣ በአማርኛ ተመለሰ።

ከቀብር መልስ ሽመክት ወደ ባንክ ሰዎቹ ጥግ ሊሄድ ሲል ሰዎች በአክብሮት አዙረው ድንኳኑ ውስጥ ከቤተሰቡ ተርታ አስቀመጡት። ንፍሮው መጀመሪያ ለእሱ ተዘገነ። ሽማግሌዎቹ ከበቡት።

«ትውልድህ ከወዴት ነው?» አሉ አንዱ።

«ዳንግላ።»

«ዳንግላ!» አሉ ሁሉም ባንድ ጊዜ። አቶ ቢሻው በጎልማሳነታቸው ዳንግላ በርበሬ ይነግዱ ነበር።

«እናትህስ?»

«ወርቅነሽ ትባላለች፤ በሕይወት አለች።»

«ዕድሜዋን ያርዝመው፤ ብቻዋን ችላ አሳደገችህ» አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ።

ያን ጊዜ ነው ሽመክት የሆነው ነገር የገባው። ንፍሮው እፍኙ ውስጥ ቀረ። «የለም፣ እኔ...» ብሎ ሲጀምር የሟቹ ታላቅ ልጅ ይኸነው፣ አባቱን የመሰለ ግዙፍ ጎልማሳ፣ መጥቶ ፊቱ ቆመ። ግንባሩን አየ። ዞሮ ከጎን አየ።

«ወንድም እንዲሰጠኝ ከልጅነቴ ጀምሮ ስለት እሳል ነበር» አለ በመጨረሻ። «ባንክ የሚሠራ ግን አላልኩም።» አቀፈውና አለቀሰ።

እማማ ደጊቱ ከማዶ ሆነው ሁሉንም ያያሉ። ፊታቸው የተጨማደደ ወረቀት ይመስላል፤ ምን እንደተጻፈበት አይነበብም። «ና፣ ልጄ፣ ወደዚህ ተቀመጥ» ብቻ አሉት። በሰው ፊት፣ በአዲስ ሐዘን ላይ ያሉ ሴት፣ ያውም በዚያ የእናት ድምፅ እየጠሩት እንዴት እንቢ ይባላል? ሽመክት ተቀመጠ።

ሲወጣ ምንይችል መኪናው ጋ ጠበቀው። «ሽመክት፣ እኛ ፖስተር እንለጥፋለን፣ ጃንጥላ እናድላለን፤ አንተ ልጅ ሆነህ ትመጣለህ! ይኼ በየትኛው ሥልጠና ላይ ነው የተሰጠው?»

አሳምነውም ሰምቶ ኖሮ ደወለ። ድምፁ እንደ ሙሽራ ደምቋል።

«አንተ ጉደኛ! ምን አልካቸው?»

«አይደለሁም ልላቸው ስል...»

«እንዳትል! እንዳታርመው! ሣልስቱ እስኪያልፍ ድረስ ብቻ። ሣልስት ላይ ቤተሰቡ ተቀምጦ ይመክራል፤ አንተም መካከላቸው ነህ። ይህ ገንዘብ ከገባ በቀጥታ ባሕር ዳር ትመጣለህ፤ ምክትሌ ነህ።»

«አቶ አሳምነው፣ እናቴ በሕይወት አለች እኮ! ስሟ...»

«እሳቸውም የባንካችን ደንበኛ ናቸው፤ ይረዱናል። ካልሆነ ግን ሽመክት...» ኤሊዋ በዝምታው ውስጥ አንገቷን አወጣች።

ማምሻውን ናርዶስ ነገሩን ስትሰማ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ወንበር ላይ ሳቀች፣ ምንጣፍ ላይ ሳቀች። ሲበቃት ዓይኗን ጠርጋ፣ «ለምን አለቀስክ ግን?» አለችው።

«ጭሱ ነው።»

«የቀብር ጭስ?»

ሽመክት ፊቱን አዞረ። እሷም ሳቋን ሰበሰበች። «እንግዲህ ስማ። አማቴ አንድ ባል አግብታ፣ አንድ ባል ቀብራ፣ ዳንግላ ላይ አንገቷን ቀና አድርጋ የምትሄድ ሴት ናት። ዝም ብትል እንጀራህ ይሰፋል፤ የእሷ ስም ግን ገበያ ይወጣል። ብትናገር ስሟ ይተርፋል፤ አንተ ሥራ የለህም። ምረጥ። ከዚህ በላይ ላቀልልህ አልችልም፤ ለአንደኛ ክፍልም የማስረዳው እንዲሁ ነው።»

በማግሥቱ ሽመክት እንደገና ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጦ ዋለ። ለመናገር አፉን በከፈተ ቁጥር አንድ ሰው ንፍሮ ይዘግንለታል፤ ወይ ደግሞ ስልኩ ኪሱ ውስጥ እንደ ተያዘ ጢንዚዛ ይነዝራል። ዝም አለ። በዝምታው ውስጥ ዘመድ ጨመረ፤ አክስቶች መጡ፤ አንዲቱ ጆሮውን አገላብጣ አይታ «ጆሮውም የእኛው ነው» አለች።

ሣልስት ደረሰ። በእንጅባራና በዳንግላ መካከል ኔትወርክ ይቆራረጣል፤ የሚኒባስ ረዳት አፍ ግን አይቆራረጥም። ረፋድ ላይ የድንኳኑ መግቢያ ጨለም አለ። ሽመክት ቀና ሲል እናቱን አየ። ወርቅነሽ ጥቁር ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ በትሯን ይዛ ቆማለች። ከአፍንጫዋ ጫፍ ላይ ቁጣዋ ተቀምጧል። ነገር ግን ለቅሶ ቤት ነው፤ ለቅሶ ቤት ደግሞ ሳያለቅሱ ጠብ አይጀመርም።

ሁሉም የሚጠብቀው እንዴት እንደምታለቅስ ነው። ወርቅነሽ ወደ መሀል ገባች። አንገቷን ደፋች። ቀና አለች። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አለች። አበቃ።

ይህ የእንግዳ ልክ ነው። ከእንግዳም ቶሎ የሚሄድ እንግዳ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ከበርበሬው ዘመን ጀምሮ የቆጠሩት ቁጥር ሁሉ ባንዴ ተበተነባቸው። ዘውድነሽ ግንባሯን አሸች።

«ልጄ የትኛው ጋ ነው ያለው?» አለች ወርቅነሽ። አየችው። «አሃ። እዚያ ጋ ነህ። አባትህ ልብስ ሲሰፋ ያደረባቸው ሌሊቶች ይፋረዱህ! ስለ እኔ የሚወራውን ሰምተህ ነው ንፍሮ የምትቆረጥመው?»

ስልኩ ነዘረ። አሳምነው ነው። ሽመክት ስልኩን አውጥቶ አየው፣ እናቱን አየ፣ ስልኩን መሬት ላይ፣ ንፍሮው አጠገብ አስቀመጠው። ስልኩ ምንጣፉ ላይ እየዘለለ ሲዞር ሽመክት ተነሥቶ ቆመ።

«እኔ የአቶ ቢሻው ልጅ አይደለሁም» አለ። «እናቴ አቶ ቢሻውን አይታቸው አታውቅም። እኔም በሕይወት ሳሉ አንዴ ከሩቅ ብቻ ነው ያየኋቸው። የመጣሁት ገንዘባቸውን ወደ ባንኬ ለማስገባት ነው። ያኔ ወዲያው ልነግራችሁ ይገባኝ ነበር፤ ፈራሁ።»

ይኸነው ቀስ ብሎ ተነሣ። ትከሻው የድንኳኑን ብርሃን ጋረደ። «ታዲያ ያ ሁሉ እንባ? እኔ እንኳ ለአባቴ እንዲያ አላለቀስኩም! የውሸት ነው?»

«እንባውስ የእውነት ነው።»

«ለማን?»

ሽመክት አፉን ከፈተ። አጥንቷ ጉሮሮው ላይ ተንቀሳቀሰች፤ ዞረች፤ ወጣች።

«ለራሴ። ደከመኝ።»

ማንም አልሳቀም። ከአንድ ጥግ አንድ ሰው «አይዞህ» አለ፤ ሌላው «እኔንም» አለ፤ ምንይችል መነጽሩን አወለቀ። ዓይኖቹ ከውስጥ ደም መስለው ነበር።

እማማ ደጊቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ረዘም አድርገው ተናገሩ። «ልጁ እንዳልሆንክ ከመጀመሪያውም ዐውቄያለሁ። ቢሻው ዳንግላ በርበሬ ሲነግድ በቅሎው ላይ ከኋላው የምቀመጠው እኔ ነኝ። ማን ጋ ሊያድር ኖሯል!»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ፣ እማማ?» አለ ሽመክት።

«ሰዉ ሁሉ ቢሻውን አከበረው እንጂ ማን ከልቡ አለቀሰለት? አንድ የሚያለቅስ ቢገኝ ላስቆም?» ወደ ምንጣፉ አዩ። «እዚህ ቤት ደከመኝ የሚል ሰው ስሰማ ደግሞ አንተ የመጀመሪያው ነህ። ቢሻው ያችን ቃል አንድ ቀን ቢላት ኖሮ ይኼን ድንኳን ዛሬ ባልጣልን።»

ወደ ባንክ ሰዎቹ ጥግ ዞሩ። «እናንተም የመጣችሁበትን ዐውቀናል። ገንዘቡ ዓመት ሳይሞላ ከቦታው አይነቃነቅም። ንፍሮውን ግን ብሉ፤ አይጣልም።»

ወርቅነሽ በትሯን አስደግፋ ከደጊቱ ጎን ተቀመጠች። አሁን ጠቡ ስላለቀ፣ ለማያውቁት ሰው ከሚገባው ትንሽ አብልጣ አለቀሰች። ዘውድነሽ ግን አልተዋጠላትም። «ግንባሩ ግን ግንባሩ ነው» እያለች አጉረመረመች። «በግንባር ተሳስቼ አላውቅም።»

ስልኩ አሁንም ይዞራል። ሽመክት ከድንኳኑ ወጥቶ አነሣው።

«አቶ አሳምነው፣ በቃኝ።»

«ምኑ?»

«ሥራው።»

«ስንት ጨመሩልህ?»

«እነማን?»

«ሌላው ባንክ ነዋ!»

«ማንም አልጨመረልኝም። ደከመኝ።»

«ደከመኝ ምን ማለት ነው?» አለ አሳምነው፤ የእውነቱን ነው፣ ቃሉን ከባዕድ አገር ሰው አፍ የሰማ ይመስላል።

መኪናዋ ለባንኩ ተመለሰች፤ ጋቢው ብቻ ከሣጥኗ ወጣ። ዘመዶች መጀመሪያ ጠበል አሉ፣ ከዚያ «ያው ሚስቱ ናት» አሉ፣ ከዚያ ሌላ ወሬ አገኙ። ሽመክት እዚያው እንጅባራ፣ ቆሰበር ውስጥ የቀርከሃ ዕቃ ለሚሠሩ ወጣቶች ማኅበር ሒሳብ ይይዝ ጀመር። ደሞዙን አሁን ማንም በሹክሹክታ አይጠራውም፤ ጮክ ብሎ ለመሳቅ ይጠራል። ሥጋ ከቤቱ ቀነሰ፤ የቤቱ ግማሽ ተከራየ፤ ናርዶስ አንዳንድ ቀን ወጪው ሲያንገበግባት «ያችን ኤሊ እንኳ ብታስልክልን ወጥ ይወጣት ነበር» ትለዋለች። ዓይኑ ግን ቀጥ አለ። አንድ እሑድ በእግራቸው ዘንገና ሐይቅ ወረዱ። እዚያ ክብ ጎድጓዳ ውስጥ፣ በዛፎች ተከብቦ፣ ውኃው ተኝቶ አገኙት። «ሁልጊዜ እዚህ ነበር?» አለ ሽመክት። ናርዶስ «የለም፣ ዛሬ ነው ያመጡት» አለችው። ሲመለሱ አቀበቱ ላይ ትንፋሽ እያጠረው አፏጨ፤ ፉጨቱ ዝጎ ነበር፤ ፍየሎች ቆመው አዳመጡት።

የአቶ ቢሻው ሙት ዓመት ሲደርስ ከቤተሰቡ ጥሪ መጣለት። «የቢሻው ልጅ» የሚለው ስም አዲስ ቅዳም ላይ ተጣብቆበት ቀርቷል፤ እውነቱን ሁሉም ያውቃል፤ ስሙን ግን ማንም አይመልስም። ከይኸነው ጎን ተቀምጦ ጠላውን ሲጠጣ ድንኳኑ መግቢያ ላይ አንድ ሰው ቆመ። ጥቁር መነጽር አድርጓል። ጋቢው አዲስ ከመሆኑ የተነሣ የሱቁ እጥፋት ከነመሥመሩ አለ። አሳምነው ነው። ዓመቱ ሞልቷል፤ ገንዘቡ ሊነቃነቅ ነው፤ የተላኩት ሥራ አስኪያጆች ሁሉ አንገት ደፍተው ባዶ እጃቸውን ተመልሰዋል። እሱ ራሱ መጣ።

ቦታ ሲያጣ ሽመክት ጠጋ አለለት። አሳምነው ሳያስተውለው ተቀመጠና ስልኩ ጮኸ። ከአዲስ አበባ ነው። «አዎ፣ ጌታዬ... ደርሻለሁ፣ ጌታዬ... ዐውቃለሁ፣ አልበቃም፣ ዐውቃለሁ...» ሲዘጋው መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። ግራ ሽፋሽፍቱ ይርገበገባል። ከማዶ ጠላ የምታንቆረቁር ዘውድነሽ ማንቆርቆሯን አቆመች። «ሰውዬው ጠቀሰኝ እንዴ?» አለች።

ሽመክት እጁን አነሣ። ከዚህ በፊት በዚህ ሰው ላይ እጁን ያሳርፋል ብሎ አስቦ አያውቅም። ትከሻው ላይ ጣል አደረገው።

«በቃዎ፣ አቶ አሳምነው» አለው። «ይበቃዎታል።»

አሳምነው ዞሮ አየው። መጀመሪያ አገጩ ተንቀጠቀጠ። ዘውድነሽ ማንቆርቆሪያውን አስቀምጣ፣ አንገቷን አስግጋ ግንባሩን ትመረምር ጀመር። እማማ ደጊቱ ግን ግንባሩን አላዩም፤ ጉልበቱን ነው ያዩት።

«ያዙት» አሉ በእርጋታ። «ይኼም ሊወድቅ ነው።»